የሚጋልበው ፈረስ በቪዲዮ ላይ ለምን ይቆራረጣል?

አንድ የደብረ ሲና አንባቢ፣ በጥምቀት በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ የቀረጹት የፈረስ ጉግስ ጥርት ብሎ ቢወጣም ፈረሶቹ እየዘለሉ የሚሄዱ እንደሚመስሉ፣ ማታ በፍሎረሰንት መብራት ቤት ውስጥ በቀረጹት ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር እንደሚወርድ ገልጸው፣ ካሜራቸው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ካሜራዎ ደኅና ነው። እንደጻፉልኝ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እየቀረጹ ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርገውታል፤ ሁለቱም ችግሮች የመጡት ከዚሁ ሻተር ነው።

ፈረሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢጋልብ ከአንዱ ፍሬም እስከ ቀጣዩ 40 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በ1/1000 ሻተር ግን ካሜራው የሚይዘው ከዚያ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትሩን ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፍሬም የጋማው ፀጉር ሳይቀር የሚለይበት የቆመ ፎቶግራፍ ይሆናል። ጠርዛቸው የተሳለ ምስሎች እንዲህ ተራርቀው ሲመጡበት ዐይን ዝላዩን ያያል። በ1/50 ግን ፈረሱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተስቦ ስለሚደበዝዝ ክፍተቱ በግማሽ ይሞላል፤ ፍሬሙን አቁመው ቢያዩት የተበላሸ የሚመስልዎ ይህ ብዥታ፣ ቪዲዮው ሲሄድ ልስላሴ ሆኖ ይታያል።

የቆሙ ምስሎች ተከታትለው ሲታዩ ለምን የሚንቀሳቀሱ እንደሚመስሉ ሲጠየቅ፣ በሙያችን «ምስሉ ዐይን ላይ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቀር ነው» ሲባል ኖሯል፤ እኔም ረዳቶቼን እንዲሁ ሳስተምር ነበር። ነገር ግን ምስሎቹ በዐይን ላይ ቢቀሩ ኖሮ ተደራርበው ይደበላለቁ ነበር እንጂ እንቅስቃሴ አይሆኑም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሁለት የቆሙ መስመሮች በ60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ልዩነት ተከታትለው ሲታዩ ተመልካቹ አንድ የሚንቀሳቀስ መስመር እንደሚያይ አሳይቷል። እንቅስቃሴውን የሚሠራው አእምሮ ነው፤ የእኛ ድርሻ ሥራውን ማቅለል ነው።

በመንዝ የጥር ፀሐይ ሻተሩን ወደ 1/50 ሲያወርዱ ምስሉ በብርሃን ይነጣል። አይሶውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት መጠን) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 4 ላይ አድርገው ሌንሱ ላይ ብርሃኑን 32 ጊዜ የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት፣ ኤንዲ ፊልተር፣ ይግጠሙ። አፐርቸሩን እስከ 22 በመዝጋት የሚገላገሉ አሉ፤ ምስሉን ስለሚያፈዝና የኋላውን ሕዝብ ሁሉ ከፈረሱ እኩል ስለሚያጎላ እኔ አልወደውም።

ጥቁሩን መስመር በተመለከተ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዑደት) በመሆኑ ፍሎረሰንቱ በእያንዳንዱ ዑደት ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ለዐይን ይህ እጅግ ፈጣን ነው፤ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በየረድፉ የሚያነበው ካሜራ ግን በ1/1000 አንዱን ረድፍ በደማቁ፣ ሌላውን በደብዛዛው ቅጽበት ይይዘዋል። 1/50 ወይም 1/100 የመድመቅና የመደብዘዙን ሙሉ ዙር ስለሚይዙ መስመሩ ይጠፋል፤ 1/60 ግን አይሆንም።

የተቀረጸውን ጉግስ በኤዲቲንግ ብዥታ ጨምረው ጥቂት ሊያለሰልሱት ይችላሉ፤ ብዙ ግን አይጠብቁ። ለሚቀጥለው፣ አስቀድመው አንድ ልጅ በግቢ እያስሮጡ በሁለቱም ሻተር ይቅረጹና በትልቅ ቴሌቪዥን ያነጻጽሩ፤ በስልክ ላይ ዝላዩ ስለሚያጥር ልዩነቱ ያመልጥዎታል።