ቀምቶ የሚስቅ ልጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። የታናሽ እህቱን ብስኩት ቀምቶ ይበላና እሷ ስታለቅስ ይስቃል። መቀማት ጥሩ እንደሆነ ስጠይቀው «ነውር ነው» ይላል፤ ምን እንደተሰማው ስጠይቀው ግን «ደስ አለኝ»። ይቅርታ አስብለዋለሁ፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ጨካኝ እየሆነ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ዕድሜው ነው። ኑነር-ቪንክለርና ሶዲያን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ የጓደኛውን ከረሜላ የሰረቀ ልጅ ምን እንደሚሰማው ሕፃናትን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ የአራት ዓመት ልጆች መስረቅ መጥፎ መሆኑን እያወቁ «ደስ ይለዋል፤ ከረሜላ አግኝቷላ!» አሉ። ስምንት ዓመት የሞላቸው በብዛት «ይከፋዋል» ብለዋል። ትንሹ ልጅ ሕጉን ያውቃል፤ የሚታየው ግን ያገኘው ነገር ነው። ስለዚህ ልጅዎ የነገረዎት እውነቱን ነው። በዚህ ከተቆጡት የሚማረው እናቱ የምትወደውን መልስ መስጠት ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ እህቱን ያባብሉ። ብስኩቱ ካለ ያስመልሱ፣ ካለቀ ከእሱ ድርሻ ይተኩላት፤ ያለ ጩኸት። ሲረጋጋ ቁጭ ብለው ፊት ለፊት «እያት፣ አልቅሳለች። ብስኩቷን ስለወሰድክባት ነው» ይበሉት። ከዚህ ከረዘመ የሚሰማው ቁጣዎን እንጂ ቃሉን አይደለም። ቀጥለው «ምን ብናደርግላት ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። ዝም ካለ ሁለት ምርጫ ይስጡት፦ መጫወቻ ያምጣላት ወይስ አብሯት ይጫወት?

ይቅርታን አያስገድዱ፤ ከቁጣ ማምለጫ ቃል ሆኖ ይቀራል። «ለምን አደረግክ?» የሚለውም በዚህ ዕድሜ ዝምታ ወይም ውሸት ነው የሚያተርፈው። ኩርኩም ደግሞ ሐሳቡን ከእህቱ ለቅሶ ወደ ራሱ ሕመም ያዞረዋል፤ ቀጣዩ ትምህርቱ ተደብቆ መቀማት ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ሞልቶትም ሆን ብሎ ሰውን ወይም እንስሳን እያሳመመ የሚደሰት ከሆነ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ተናዶ አንድ ሲኒ ወረወረ፤ እህቱ ደግሞ ተደናቅፋ ሰባት ሲኒ ሰበረች። እሱ ግን «ከእኔ በላይ እሷ ትቀጣ» ይላል። ተንኮል ነው?

መልስ፦ ከልቡ ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባቀረበው ሥራ፣ ሳያውቅ 15 ሲኒ የሰበረ ልጅንና ተደብቆ ማርማላታ ሊወስድ ሲል አንድ የሰበረ ልጅን አወዳድሩ ሲባሉ፣ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የ15ቱን ጥፋት አከበዱት። ዐሥር ዓመት አካባቢ ያሉት ልጁ ምን አስቦ እንዳደረገው ያያሉ። ይህን ቶሎ የሚያስተምረው የወላጅ አመል ነው፤ ብዙ ሲኒ ሲሰበር አብዝተን የምንጮኸው እኛው ነን። ስብርባሪውን ከመቁጠርዎ በፊት ልጁ እየሰማ «ሆን ብለሽ ነው ወይስ አምልጦሽ?» ብለው እህቱን ይጠይቋት።