ሞተሩ ሲነሳ አርዱይኖው ለሚጠፋብህ ወንድሜ

የፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለ ሁለት ጎማ ሮቦት ሠርቷል። ኮዱ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩ ገና ሲነሳ ግን አርዱይኖው (ኮዱን የሚያስኬደው ትንሹ ሰሌዳ) ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። "ኮዴ ላይ ምን አጠፋሁ?" ይላል። ሲስተካከል ደግሞ በዋይፋይ ሊነዳው አስቧል።

ኮድህን አትንካው። እኔም እዚህ ደብረ ማርቆስ የመጀመሪያዬን ስሠራ ሦስት ሳምንት ኮድ ስሰርዝና ስጽፍ ከርሜአለሁ። ጥፋቱ የዚያች አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነበር። ቴስተር ላይ 9 ስለምታሳይ ትሸውዳለች እንጂ ለሞተር የሚሆን ከረንት የላትም። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ፣ እየዞረ ከሚፈልገው በብዙ እጥፍ ይስባል፤ ያኔ ቮልቱ ይወርድና አርዱይኖው ይጠፋል። ለማረጋገጥ ቴስተሩን የአርዱይኖው 5 ቮልት የሚለው እግርና ጂኤንዲ (የኔጋቲቩ እግር) ላይ አድርግና ሞተሩን አስነስተህ ጎማውን ለአፍታ በእጅህ ያዝ። የእኔ ከ4.9 ወደ 3 ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁት። እናቴ "ይኼ አይጥ ዛሬም ሞተ?" ትለኝ ነበር።

እኔ ከሞተ ላፕቶፕ ባትሪ 18650 የሚባሉትን ድንጋዮች አወጣሁ። ከስድስቱ ደህና የተገኙት ሦስት ናቸው። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን አትሞክረው፣ ድንጋዩም ላይ በቀጥታ በሊድ አትበይድ፤ ማቀፊያ ግዛ። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ይሰጣሉ። ሞተሮቹን የሚነዳው ሰሌዳ፣ ኤል 298 ኤን ድራይቨሩ፣ ወደ 2 ቮልት ይበላብሃል፤ የሚተርፈው ለቢጫዎቹ ሞተሮች ይበቃል። አርዱይኖውን በሌላ ባትሪ ከለየኸው ደግሞ ኔጋቲቮቹን ማገናኘት እንዳትረሳ። እኔ ረስቼ ሮቦቱ እንደ ሰከረ ሰው ሲዞር አምሽቷል። ከተሰበረ ሬዲዮ 104 የተጻፈባት ትንሽ ካፓሲተር ፈልገህ ሞተሩ ሁለት እግሮች ላይ ብትበይድ ሞተሩ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ይቀንሳል።

ዋይፋዩም ያው የኃይል ጣጣ ነው። ትንሿን የዋይፋይ ሰሌዳ ኢኤስፒ 8266 ከዩኖ (ከአርዱይኖው) 3.3 ቮልት እግር አትመግባት፤ ያ እግር 50 ሚሊአምፒር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እሷ ስትልክ ከ300 በላይ የምትስብበት ጊዜ አለ። ገና ካልገዛሃት በቀጥታ ኢኤስፒ 32 ግዛ፤ እሱ ዋይፋይም ኮድ ማስኬጃም ስለሆነ ዩኖውም አያስፈልግህም። እግሮቹ ግን የ3.3 ቮልት ናቸው። ርቀት የሚለካ አልትራሶኒክ ሴንሰር ካለህ ኤኮ የሚለው እግሩ 5 ቮልት ስለሚልክ በሁለት ሬዚስተር፣ 1 ኪሎ ኦሙን ከኤኮ በኩል፣ 2 ኪሎ ኦሙን ወደ ጂኤንዲ አድርገህ፣ አካፍለህ ከመሃላቸው አስገባው።

ኢንተርኔት አያስፈልግህም። ዳር የተጣለ አሮጌ ራውተር ካለ ስልክህንም ሮቦቱንም በእሱ አገናኝ። ስልክህ "ኢንተርኔት የለም" ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይሄድብሃል፤ ዳታውን ዝጋ። ለሮቦቱ እንደ 192.168.1.50 ያለ ቋሚ አድራሻ ስጠው። ሁለተኛ ራውተር ብትጨምር የእሱን ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋና አድራሻውን 192.168.1.2 አድርግ፤ ካልሆነ ሁለቱም አድራሻ እያደሉ ቤቱን ያተራምሱታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዶሮ ቤታችንን በር በሰዓት እንዲከፈት ሠርቼው ነበር። ቤቱ በቆርቆሮ የተሸፈነ ስለሆነ ሲግናል አልገባ አለ፤ ስለዚህ ከዋናው ቤት 40 ሜትር የኔትወርክ ገመድ በአየር ላይ ዘረጋሁ። ሐምሌ ላይ መብረቅ ቅርብ ወደቀና የራውተሩም የኢኤስፒውም ነገር በአንድ ሌሊት አለቀ። የጎጃምን ክረምት ታውቀዋለህ። አሁን ገመዱን አንስቼ ኢኤስፒውን ከቆርቆሮው ውጪ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፣ ዶሮዎቹም በሰዓታቸው ይወጣሉ።

ጎማውን ይዘህ የለካኸውን ቁጥርና የገመዶችህን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን፤ ማታ አየዋለሁ።