ማዳበሪያ ከመግዛትሽ በፊት ሥሩን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ በረንዳ ነው ትዝ ያለኝ። ካዛንቺስ በረንዳሽ ላይ ያሉት ቲማቲምና ቃሪያ እኩለ ቀን ላይ እየጠወለጉ፣ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ብርድ እየመታቸው ተቸግረሽ «የሚያጠነክር ማዳበሪያ ንገሩኝ» ብለሻል። እኔ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ 6 ዓመት ተክያለሁ፤ በማዳበሪያ ብዛት የጠነከረልኝ ተክል የለም። ዩሪያማ ጎድቶኛል። ሲበዛ ቅጠሉ ለምለም ግን ልፍስፍስ ይሆናል፣ ፀሐይም ብርድም ቶሎ ይጥለዋል።

በመጀመሪያ መጠውለጉን እንለየው። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ እሱ ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያዘጋቸዋል፣ ውሃም ይቆጠባል። እኩለ ቀን ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ አትደንግጪ። ማለዳም እንደጠወለገ ካገኘሽው ግን ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ። እኔ ይህን ባለማድረጌ በመጀመሪያው ክረምት 8 የቲማቲም ችግኝ አጥቻለሁ። ሲጠወልጉ ውሃ ጨመርኩ፣ ሲብስባቸው ደግሞ ጨመርኩ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ውሃ የሞላው አፈር አየር የለውም፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ጤፍ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ይችላል፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይችሉም።

ጥንካሬው የሚሠራው በችግኝነቱ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስታርከፈክፊ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። እስከ ታች ድረስ አጠጪውና ላዩ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ተዪው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግኙን ከቤት ስታወጪም በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አትጣዪው። ከ7 እስከ 10 ቀን፣ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ እየጨመርሽ። ቀለል ያለ ችግር የቀመሰ ተክል ቅጠሉ ይወፍራል፣ ውስጡም ውሃ የሚይዝለት ስኳርና ፕሮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማል።

የተከልሽበት ጥቁር ጀሪካን ከሆነ፣ ሲሚንቶ ላይ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ሥሩ ይቀቀላል። በጆንያ ጠቅልዪው፣ አፈሩን ሦስት ጣት ያህል ጭድ አልብሺው። በበጋ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ጭዱ ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሙቀቱ ያመልጣል። ከ10 ዲግሪ በታች ቲማቲም ይጎዳል፣ አበባውም ይረግፋል። ማታ ግድግዳ አስጠግተሽ በጨርቅ ሸፍኚ፣ ጠዋት ግለጪ። በእነዚያ ወራት ጎመንና ቆስጣ ብትተክዪ ግን ይሻልሻል፤ ብርዱን ይችሉታል።

ዘሩንም አትናቂ። ዝናብ ሲቋረጥ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየውን የማሽላ ባሕርይ የውጭ ሀገር አዳቃዮች ያገኙት ከኢትዮጵያ ገበሬ ማሽላ ነው። እንደ ዘር ተመራማሪው ዶ/ር መላኩ ወረደ ያሉ ሰዎች ለገበሬው ዘር ያን ያህል የደከሙት በከንቱ አይደለም። አንቺም ዲቃላ ካልሆነ ቲማቲም፣ ብርዱን ካለፈው ተክል ላይ ዘር አስቀሪ። ቃሪያ ከጎረቤቱ ስለሚዳቀል ለብቻው ይሁን።

በረንዳሽ ወዴት ነው የሚያየው? ለማንኛውም ዛሬ ማታ የጀሪካኑ ታች ቀዳዳ እንዳለው እዪና ጻፊልኝ።