«ቀለም ቀንድ» ያልነው ሁሉ ቀንድ ነው?

ጥያቄ፦ ከጎንደር አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፤ «ለጥንታዊ ዕቃዎች ዐውደ ርእይ መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ ዕቃ ከአውሮፓ የመጣ ናስ ነው። ዝርግ መደብ አለው፤ በላዩ ክዳን ያላቸው ሁለት የቀለም ብልቃጦች ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ብዕር የሚጋደምበት ቦይ አለ፤ ጠርዙ በሐረግና በቅጠል ተቀርጿል። ‹የቀለም ቀንድ› ብዬ ብጽፍበት ባልደረባዬ ‹እሱ እኮ ሊቅ ሰው ማለት ነው› አለኝ። ‹የቀለም ማቆሚያ› ልበለው ወይስ ሌላ ስም አለ?»

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቃሉን ሁለተኛ ፍቺ ብቻ ነው የነገሩዎት። ቀለም ቀንድ አስቀድሞ ዕቃ ነው፤ ያውም ከእውነተኛ የከብት ቀንድ የሚሠራ። ብራና ጸሐፊ ቀንዱን ጫፉን ቁልቁል አድርጎ መሬት ላይ ይተክለዋል፣ ወይም በተበሳ እንጨት ውስጥ ያቆመዋል። ብዙ ጊዜም ሁለት ነው፤ አንዱ ለጥቁሩ ቀለም፣ ሌላው ለቀዩ። ቀዩ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም የምዕራፍ መነሻ የሚጻፍበት ነው። ጥቁሩ በአብዛኛው ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ግእዙም ቀለምን «ማየ ሕመት» ይለዋል፣ የጥላሸት ውሃ ማለቱ ነው። እርስዎ በጎንደር ስላሉ ቀንዱን በዓይንዎ ለማየት ሩቅ አይሄዱም። በድሮ የብራና መጻሕፍት ላይ ወንጌላውያን ተቀምጠው ሲጽፉ የሚያሳዩትን ሥዕሎች ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ሠዓሊዎቹ ብዕሩን ብቻ ሳይሆን የቀለሙንም ዕቃ የሣሉባቸው አሉ።

ሰውን «የቀለም ቀንድ» የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። በአማርኛ ቀለም ማለት ትምህርትም ነው፤ «ቀለም ገባው»፣ «ቀለም ቆጠረ» እንላለን። እንዲያው ቃሉ ራሱ ብዙ መንገድ የሄደ ነው። መነሻው የግሪኩ «ካላሞስ» ሲሆን መቃ ማለት ነው፤ ከመጻፊያው መቃ ወደ መጻፊያው ፈሳሽ፣ ከፈሳሹም ወደ ዕውቀቱ ተሻገረ። በዚያ ላይ ብዕርን ቀለም ውስጥ መንከርም፣ ከመጽሐፍ ቃል ማምጣትም ሁለቱም «መጥቀስ» ናቸው። ሊቁ የቀለም ቀንድ ሲባል የሚጠቀስበት ሰው መባሉ ነው። ይህን አባባል በጣም እወደዋለሁ፤ ዛሬ በየዜናው ለማንም ባለ ዲግሪ መታደሉ ግን ቅር ያሰኘኛል።

«የቀለም ቀንድ» እና «ቀለም ቀንድ» ሁለቱም ልክ ናቸው። አማርኛ አንድ ነገር የታወቀ ስም ሲሆን «የ»ን ይጥላል፤ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ወፍጮ ቤት እንደምንለው ነው። ስለ ዕቃው ሲጽፉ «ቀለም ቀንድ»፣ ስለ ሰው ሲጽፉ «የቀለም ቀንድ» ቢሉ አንባቢ አይደናገርም፤ ይህ ግን ምክር እንጂ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ናሱ ዕቃ እንምጣ። ቀለም ቀንድ ሊባል አይገባም፤ ቀንድ አይደለምና። ቀንዱ አንድ ዕቃ ሲሆን የእርስዎ ግን የብዙ ዕቃዎች ስብስብ ነው። አውሮፓውያን ለጽሕፈት ጠረጴዛ እንዲህ ያለውን ከብር፣ ከናስ፣ ከሸክላና ከብርጭቆ ይሠሩ ነበር። መደቡ ላይ የቀለም ብልቃጥ፣ የላባ ብዕር መሰኪያና የአሸዋ መነስነሻ ይቀመጣል፤ አሸዋው እርጥቡን ጽሑፍ ለማድረቅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ዝናው የገነነው ፊሊፕ ሲንግ የተባለ የፊላደልፊያ ብር ሠሪ በ1752 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው፤ በ1776 የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ፣ በ1787 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ሲፈረም ያገለገለው እሱ ነው።

በእርስዎ ዕቃ ላይ ክዳኑን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ። የአውሮፓው ቀለም ከብረት ጨውና በዛፍ ላይ ከሚወጣ እባጭ ስለሚዘጋጅ ብረትን ይበላል፤ ስለዚህ አንጥረኛው በናሱ ውስጥ ተነቅሎ የሚታጠብ የብርጭቆ ወይም የሸክላ ብልቃጥ ያስገባል። የሥራው ጥራት የሚለካው በጠርዙ ሐረግ ብቻ አይደለም፤ ብልቃጡ ጎጆው ውስጥ ሳይንቀጠቀጥ መቀመጡ፣ ክዳኑም ገጥሞ መዘጋቱ ጭምር ነው። መግለጫዎ ላይ ይህን ሳይጽፉ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ፤ ተመልካች ጌጡን ራሱ ያየዋል፣ የተደበቀውን ብልሃት ግን የሚነግረው ይፈልጋል።

«የቀለም ማቆሚያ» አይበሉት። ማቆሚያ ሲባል አንባቢ መኪና የሚቆምበትን፣ አለዚያም ቀለም እንዳይፈስ የሚገታ ነገር ያስባል። «የቀለም ገበታ»ም አይሆንም፤ ሠዓሊ ቀለም የሚቀላቅልበት ይመስላል። እኔ «ባለ መደብ የቀለም ዕቃ» እል ነበር፤ ክፍሎቹንም በየስማቸው፦ የቀለም ብልቃጥ፣ የብዕር ማሳረፊያ፣ መነስነሻ ካለውም የአሸዋ መነስነሻ። «ብዕር» ብለው ይጻፉ። ግእዙ «ብርዕ» ነው፤ አማርኛ ግን ፊደሎቹን አቀያይሮ የራሱ ካደረገው ቆይቷል፣ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም።

እንግዲህ መግለጫው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ባለ መደብ የቀለም ዕቃ፤ ናስ፤ የአውሮፓ ሥራ። ሁለት ባለ ክዳን የቀለም ብልቃጦችና የብዕር ማሳረፊያ አለው፤ ጠርዙ የሐረግ ቅርጽ ነው።» ከዐውደ ርእዩ ዕቃዎች መካከል የብራና ጸሐፊ ቀንድ ካለ ደግሞ ከናሱ ጎን ያስቀምጡትና «ቀለም ቀንድ» የሚለውን ስም በእሱ ላይ ይጻፉ።