«ስሙን እንዴት ልውደደው?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ማታ ነው፤ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ስምንተኛ ወርሽን ይዘሻል፤ የምትጠብቂው ሴት ልጅ ነው። ባልሽ በሟች እናቱ ስም «ዘነበች» እንበላት ብሎሻል። አንቺም በአፍሽ «እሺ» ብለሻል፤ ልብሽ ግን አልተቀበለውም። «ያረጀ ስም ይመስለኛል፤ እንቢ ማለት ደግሞ ከበደኝ። እባካችሁ ስሙን የምወድበት ምክንያት ስጡኝ» ብለሽ ጽፈሻል።

ይሄ ነገር በእኔም ደርሷል። የልጄ ስም አስካለ ነው፤ አሁን 7 ዓመቷ ነው። ስሙ የአማቴ ነበር። እሳቸውን አላየኋቸውም፤ ባሌ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው ያረፉት። እኔ ደግሞ ከወጣትነቴ ጀምሮ ለመጀመሪያ ልጄ «ሊያ» የሚል ስም አስቀምጬ ነበር። ባሌ «አስካለ» ሲለኝ ፊቱን አየሁት። የእናቱን ስም እንዴት ብዬ አይሆንም ልበለው? «እሺ፣ ጥሩ ነው» አልኩ።

ልጄ ከተወለደች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስሟን አልጠራሁም። አስቤበት አይደለም። «ሚጣዬ»፣ «እናቴ»፣ «የኔ ቆንጆ» ስላት ሰነበትኩ። ይሄንን ራሴ ያወቅኩት ለክትባት የወሰድኳት ቀን ነው። ወረፋ እየጠበቅን ነርሷ «አስካለ!» ብላ ተጣራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ጠራች። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት እጄ ላይ ያለውን ካርድ አየት አድርጋ «ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። የገዛ ልጄ ስም ሁለት ጊዜ ሲጠራ አልሰማሁትም። ልጄን እንዳቀፍኩ እንባዬ መጣ።

የዚያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ «ግን ምኑን ነው ያልወደድኩት?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አንቺም ከዚህ እንድትጀምሪ ነው የምመክርሽ። ድምፁን? ድምፁማ ምንም አልነበረውም፤ እንዲያውም መሃል ላይ ያለችው «ካ» ደስ ትላለች። ትርጉሙን? ትርጉሙን ጨርሶ አላውቀውም ነበር። ያረጀ ስም መሆኑ ትንሽ ያሳስበኛል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። እያሰብኩ ስሄድ ነገሩ ወለል አለልኝ። ያኮረፍኩት ስሙን አልነበረም። ማንም ሳይጠይቀኝ መወሰኑ ነው የቆረቆረኝ። ሊያን ደግሞ ለማንም ሳልናገር ውስጤ ቀብሬያት ነበር። ያንን ሁሉ ኩርፊያ የተሸከመው ስሙ ነው።

ይሄንን ለባሌ ነገርኩት። ደነገጠ። «እሺ ስትይኝ የወደድሽው መስሎኝ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ እሺ ብየዋለሁ። ያን ማታ ምንም የቀየርነው ነገር የለም፤ ስሙ ግን ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። አንቺም ያልተዋጠልሽ «ዘነበች» ይሁን ወይስ የተወሰነበት መንገድ፣ በደንብ ለዪው። መንገዱ ከሆነ ስሙን ለመውደድ ከመታገልሽ በፊት ከባልሽ ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ስሙ ከዚህ በፊት የጎዳሽን ሰው የሚያስታውስሽ ከሆነ፣ ወይም ስትሰሚው ገላሽ ጭምር የሚሸማቀቅ ከሆነ፣ «እለምደዋለሁ» አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባየውና በሰማው ቁጥር ይበልጥ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ይሄ ግን የሚሠራው በአብዛኛው ለማንጠላው ነገር ነው። ከመጀመሪያው የጠላነውን ነገር መደጋገሙ ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ «ግራ ገብቶኛል» እና «አልፈልገውም» ለየቅል ናቸው። ጽሑፍሽን ሳነበው አንቺ የመጀመሪያው ላይ ያለሽ መሰለኝ። ሁለተኛው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተናገሪ፤ ስሙ ገና አልወጣም።

ወደ እኔ ታሪክ ልመለስ። ኩርፊያው ከወጣልኝ በኋላ ባሌን ስለ ስሙ መጠየቅ ትቼ ስለ ሰውየዋ መጠየቅ ጀመርኩ። «እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኩት። እስከዚያ ቀን ስለ እሳቸው የማውቀው ጥሩ ሰው እንደነበሩና ቶሎ እንዳረፉ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ግን ብዙ አወራኝ። እናቱ ማንበብ አይችሉም ነበር። እሱ ማታ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ሆነው መብራቱን ይይዙለታል። በጣታቸው ደብተሩ ላይ እየጠቆሙ «ይሄስ ምን ይላል?» ይሉታል። አንድ ቀን «የእኔን ስም ጻፍልኝ» አሉት። አራት ፊደል ጻፈላቸው፦ አ፣ ስ፣ ካ፣ ለ። ከዚያ በኋላ ስንት ማታ ያቺኑ አራት ፊደል ሲለማመዱ አየ። የ«ካ»ን እግር ማስረዘም ሁልጊዜ ይረሱ ነበር፤ «አስከለ» ይሆንባቸዋል። እሱ ያርማቸዋል፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ።

ይሄንን ከሰማሁ በኋላ «አስካለ» የአሮጊት ስም መሆኑ ቀረ። በመብራት ብርሃን ፊደል የምትለቅም ሴት ስም ሆነ። ለዚህ ነው ምክንያቱን ከውጭ ከመፈለግሽ በፊት ባልሽን አናግሪው የምልሽ። ከእኛ ከማናውቃቸው ይልቅ ስለ ዘነበች የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞ «ለምን ይሄን ስም መረጥክ?» አትበዪው፤ እንዲያ ሲጠየቅ ሰው መከላከል ይጀምራል። እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር፣ ሲስቁ እንዴት እንደነበሩ፣ እሱን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቂው።

ትርጉሙንም ፈለግኩት። «አስካል» በግዕዝ የወይን ዘለላ ማለት ነው። ዘለላ! አንድ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ተጠጋግቶ የተንጠለጠለ ብዙ ፍሬ ነው። ይሄንን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።

የአንቺ ደግሞ ከእኔም ይበልጣል። እስቲ «ዘነበች» የሚለውን ቃል ከስም ውጪ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል? ዝናብ ሲጥል «ዘነበ» ነው የምንለው። ዝናብ ራሱ የሚዘንብ ነው፣ በወንድ ፆታ። «ዘነበች» ሲባል ግን የዘነበችው እሷ ናት። ልጅቱ ራሷ ዝናብ ሆነች ማለት ነው። ስሟን የሰጧት ሰው ምን ያህል ሲጠብቋት እንደነበር አስቢ። ልጅን እንዲህ አድርጎ የሚገልጽ ስም ብዙ አላውቅም። ከአባቷ ስም ጋርም አንድ ላይ አንብቢው። በአማርኛ የልጅና የአባት ስም ተገጣጥሞ ዓረፍተ ነገር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ «ሰላም አበበ» ሲባል ስምም ነው፣ መልካም ዜናም ነው። የእናንተም ምን እንደሚል እዪው።

«ያረጀ ስም» ስላልሽው፦ የሚያረጀው ስሙን ይዘው የምናውቃቸው ሰዎች ስላረጁ ነው። ለሕፃናት ግን «ዘነበች» የክፍል ጓደኛቸው ስም ነው፣ በቃ። በልጄ ክፍል ሦስት ሊያዎች አሉ። አስካለ አንድ ብቻ ናት፤ አስተማሪዋም መጀመሪያ በቃሏ የያዘችው የእሷን ስም ነው። ደግሞ ስምን ሰው ነው የሚሞላው። አበበ የሚባል ሰው ድሮም ሞልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ በኋላ ግን ስሙ ሌላ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። የደራርቱም ስም በኦሮምኛ ከማበብ የመጣ ነው። ሁለቱም በየቋንቋቸው አበቡ። ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

አዎ፣ አንድ ቀን ልጄ «ስሜ የአያት ስም ነው አሉኝ» ብላ አኩርፋ መጥታለች። 5 ዓመቷ ነበር። ስለ መብራቱና ስለ አራቱ ፊደል ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ የአያቴ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከሁሉ በላይ የረዳኝን ልንገርሽ። የራሴን ማቆላመጫ አወጣሁለት። ባሌና ዘመዶቹ «አስኩዬ» ይሏታል፤ እኔ ብቻ «ካሊዬ» እላታለሁ። ስሙ የእነሱ፣ «ካሊዬ» የእኔ። «ዘነበች» ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው፦ ዘኒ፣ ዘኒዬ፣ ዘነቡ፣ ዘቡዬ። ማንም ያልያዘውን አንዱን ለራስሽ ያዢ። ስትወልጂ ሳይሆን ከአሁኑ ሆድሽን እየዳሰስሽ ጥሪያት። ጮክ ብለሽ ከሌላ ክፍል እንደምትጠሪያት ሞክሪው። ስታስተኚያትም እንደምታንሾካሹኪው ሞክሪው። በወረቀት ላይ ጻፊው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዕድ ይሆንብሻል፤ ለሳምንት ያህል ታገሺው።

ሕፃናት ከ4 ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ የራሳቸውን ስም ከሌላ ስም ለይተው እንደሚያዳምጡ በጥናት ታይቷል። ትርጉሙን አያውቁም፤ የሚያውቁት ድምፁን ነው። እኔ ስሙን ከልቤ የወደድኩት በዚያ ሰሞን ነው። ልጄ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ «አስካለ» አልኩ። አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገችኝ፣ አገኘችኝ፣ ሳቀች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሊያ ብትባል ኖሮ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ስሟን መጻፍ ጀመረች። አንድ ቀን «አስከለ» ብላ ጽፋ አመጣችልን። የ«ካ»ን እግር ረስታው። ልነግራት ስል ባሌ ክንዴን ያዝ አደረገኝና «ዛሬ አታርሚያት» አለኝ። ወረቀቱ አሁንም መኝታ ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል።

እህቴ፣ ከወለድሽ በኋላ እንቅልፉም ጊዜውም ስለሚጠፋ እንዲህ ተረጋግቶ ማውራት ይከብዳችኋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከባልሽ ጋር ቁጭ በሉና ስለ እናቱ ጠይቂው። መጀመሪያ ግን ውስጥሽ ያለውን ንገሪው።