ከዊንዶውስ 7 ወደ 11፦ ጋጀቶቹ የት ገቡ? መስኮቶቹስ ለምን አልታዘዝ አሉ?

እህቴ፣ እንደገባኝ ጥያቄሽ ሁለት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ዴስክቶፑ ጠርዝ ደርድረሻቸው የነበሩት ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ ማስታወሻና የሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ማስሊያ ክፍል) መለኪያ፣ ማለትም ጋጀቶቹ፣ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕሽ ላይ የሉም፤ መስኮቶቹም እንደለመድሽው አልሆን ብለውሻል። ሁለቱም መላ አላቸው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጪው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጋጀት ፍለጋ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያሰለቸው ግን ታስክባሩ፣ ማለትም የስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለው አሞሌ፣ እና የመስኮት አያያዙ ነው። እነሱ ሲስተካከሉ ከጋጀቶቹ ግማሹ ሳይፈለግ ይቀራል።

ታስክባሩ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባዶ ቦታው ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና «ታስክባር ሴቲንግስ» ግቢ፤ ወደ ታች ወርደሽ «ታስክባር ቢሄቪየርስ»ን ክፈቺ። አላይመንቱን (ምልክቶቹ የሚደረደሩበትን ቦታ) ከ«ሴንተር» ወደ «ሌፍት» ስትቀይሪ ስታርት ወደ ድሮ ማዕዘኑ ይመለሳል። እዚያው ዝቅ ብሎ «ኮምባይን ታስክባር በተንስ» የሚል አለ፤ «ኔቨር» ካልሽው እያንዳንዱ መስኮት ከነስሙ ለብቻው ይቀመጣል። ይህ ምርጫ ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ አልነበረም፤ በ2023 ነው የተመለሰው። ፈልገሽ ካጣሽው ኮምፒውተሩ አፕዴት አልተደረገም ማለት ነው። አምስት የወርድ ፋይል በአንዴ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ እፎይታ የለም።

ወደ መስኮቶቹ ልምጣ። ዊንዶውስ 7ም መስኮት ወደ ጎን ጠርዝ ሲጎተት ግማሽ ስክሪን ይሞላ ነበር፤ 11 ላይ ግን ነገሩ ሰፍቷል። መስኮት ይዘሽ ወደ ላይ ስትጎትቺ ከስክሪኑ አናት መሃል ላይ ጠባብ አሞሌ ብቅ ይላል፤ ወደ እሱ ስትጠጊ መስኮቶች የሚደረደሩባቸውን አቀማመጦች በሥዕል ያሳይሻል። ማውሱን ማክሲማይዝ ምልክቱ ላይ ሳትጫኚ ብታሳርፊው ወይም ዊንዶውስ+ዜድ ብትጫኚም ያው የአቀማመጥ ሥዕል ይመጣል። ከሥዕሉ አንዱን ክፍል ስትመርጪ መስኮቱ እዚያ ይገባል፤ ባዶ የቀረው ክፍል ደግሞ ሌሎቹን ክፍት መስኮቶች በትንንሹ ያሳይሻል። አንዱን ስትነኪው ቦታውን ይሞላል፤ ካልፈለግሽ ኤስኬፕ ነው። ጎን ለጎን ከገቡ በኋላ መሃላቸው ያለውን መስመር ይዘሽ ብትገፊው አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል። አንዱን በርዕሱ ይዘሽ ስትነቅይው ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል።

«የሦስት ዓምድ አቀማመጥ ለእኔ አይታየኝም» የሚለው ጥያቄ ስለሚደጋገም እግረ መንገዴን ላንሳው። እሱ እንዲመጣ የስክሪኑ ስፋት ቢያንስ 1920 ፒክስል መሆን አለበት፤ የሚቆጠረው ደግሞ ለስኬሉ (ጽሑፍና ምልክቶች ለሚጎሉበት መጠን) ከተካፈለ በኋላ ነው። ስክሪንሽ 1920 በ1080 ሆኖ ስኬሉ 150 ፐርሰንት ከሆነ፣ ለዊንዶውስ ያለሽ 1280 በ720 ብቻ ነው። ወደ 125 ብታወርጂው 1536 ይሆናል፤ አሁንም አይበቃም። 100 ላይ ይሞላል፤ በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ግን ፊደሉን ለማንበብ ዓይንሽ ይሰቃያል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ በሁለት ግማሽ ሥሪ፤ ሦስቱን ለትልቅ ሞኒተር ተዪው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ከተወሰነ ስፋት በታች አልጠብም ይልና ጎረቤቱን ይሸፍናል። ብልሽት አይደለም፤ ሰፊውን ክፍል ስጪው።

ቦታ ለመቀየር ብቻ ስትጎትቺው መስኮቱ ራሱ እየዘለለ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ «መልቲታስኪንግ» ግቢ። መስኮቶችን የሚለጥፈውን «ስናፕ ዊንዶውስ»ን ጠቅላላ አታጥፊው፤ አጠገቡ ያለውን ቀስት ጫኚና ዝርዝሩን ክፈቺ። ወደ ስክሪኑ አናት ስትጎትቺ አቀማመጥ የሚያሳየውንና ጠርዙ ሳይደረስ እንዲለጠፍ የሚፈቅደውን ብቻ ምልክታቸውን አንሺ። ዊንዶውስ ቁልፍ ከግራና ከቀኝ ቀስት ጋር እንደ ድሮው መሥራቱን ይቀጥላል። እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር አስተካክለሽ ውጪ። አንደኛው አልት+ታብ ስትጫኚ የብሮውዘሩ ታቦች ከመስኮቶቹ ጋር እየተደባለቁ ካስቸገሩሽ «ዶንት ሾው ታብስ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሁለተኛው «ታይትል ባር ዊንዶው ሼክ» ነው። 7 ላይ መስኮቱን ይዘሽ ስታወዛውዢው ሌሎቹ ይወርዱ አልነበር? 11 ላይ ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው የጠፋ የሚመስለው።

ሁለት ቋንቋ እያፈራረቀ ለሚጽፍ ሰው አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ደብዳቤው ላይ በአማርኛ እየጻፍሽ ወደ ብሮውዘሩ ስትሄጂ አማርኛው ይከተልሻል፣ የድረ ገጹ አድራሻ በአማርኛ ፊደል ይጻፋል። «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ «ታይፒንግ»፣ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ውስጥ ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱን ኪቦርድ የሚያስይዝ ምርጫ አለ። ምልክት ስታደርጊበት እያንዳንዱ መስኮት በዊንዶውስ+ስፔስ የሰጠሽውን ቋንቋ ይዞ ይቆያል።

አሁን ጋጀቶቹ። የተወገዱት በምክንያት ነው። በተጠቃሚው ሥልጣን የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ስለነበሩ ተንኮለኛ ጋጀት የኮምፒውተሩን ባለቤት መሆን ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 «አጥፏቸው» ብሎ መከረ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮም አስቀራቸው። የድሮዎቹን ጋጀቶች እንዳሉ እንመልሳለን የሚሉ ጥቅሎችን የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ከጋጀቱ ጋር ቀዳዳውም አብሮ ይመለሳል።

በምትካቸው የመጣው በዊንዶውስ+ደብሊው የሚከፈተው የዊጀት (የትንንሽ መረጃ ካርዶች) ሰሌዳ ነው። ዴስክቶፕ ላይ አይቀመጥም፤ ከፍተሽ አይተሽ ትዘጊዋለሽ። እንደመጣ ከተጠቀምሽበት የዜና ጎርፍ ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ይጠላዋል። ሰሌዳውን ክፈቺና የራሱ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፤ ማውስ ሲያልፍበት ራሱ እንዳይከፈት አድርጊ፣ ዜናውንም አጥፊ። የቀረውን በመደመር ምልክቷ ጨምሪ፤ መጠኑ በየዊጀቱ ሦስት ነጥብ ውስጥ ነው። የአየር ሁኔታው የሌላ ከተማ እያሳየ ካስቸገረሽም እዚያው ሦስት ነጥብ ውስጥ ገብተሽ ቦታውን በእጅሽ ጻፊለት። ታስክባሩን ወደ ግራ ካመጣሽ በኋላ የአየር ሁኔታው ምልክት ከግራ ጥግ ተነስቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ሰዓቱ አካባቢ ስለሚሄድ ጠፋ ብለሽ አትደንግጪ።

ሰዓቱ ሰከንድ እንዲያሳይሽ ከፈለግሽ ያው «ታስክባር ቢሄቪየርስ» ውስጥ አለ፤ ባትሪ ትንሽ ይበላል። የሌላ አገር ሰዓት እስከ ሁለት መጨመር ይቻላል፤ ማውሱን ሰዓቱ ላይ ስታሳርፊ ይታያል። ካላንደሩ በዊንዶውስ+ኤን ይወጣል። ለሲፒዩ መለኪያው ዊንዶውስ+ጂ ተጫኚ፤ የሚከፈተው ሰሌዳ ጌም ባር ይባላል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ሣጥን በፒን ምልክቱ ካሰርሽው ጌም ባሩ ሲዘጋም ሲፒዩውንና ራሙን እያሳየ ጥግ ላይ ይቀራል። ለማስታወሻ «ስቲኪ ኖትስ» አሁንም አለ።

ማስታወሻው ወይም ካልኩሌተሩ ከሌሎቹ መስኮቶች በላይ እንዲቆይ ከተፈለገ የማይክሮሶፍቱን ነጻ ፕሮግራም ፓወርቶይስን ጫኚ። በዊንዶውስ+ኮንትሮል+ቲ የፈለግሽው መስኮት ባለቀለም ጠርዝ አውጥቶ ከላይ ይቀራል፤ ደግመሽ ስትጫኚ ይለቃል። እውነቱን ለመናገር የጋጀትን ሥራ በደንብ የሚተካው ይሄ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ጋጀት መስኮት በተከፈተ ቁጥር ይሸፈናል፤ ይሄ አይሸፈንም።

የለም፣ ዴስክቶፔ ላይ እንደ ድሮው ይታይልኝ ካልሽ ሬይንሜተር የሚባል፣ ዴስክቶፕ ላይ ሰዓትና መለኪያ የመሳሰሉ ማስጌጫዎችን (ስኪን) የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለ፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ማስጌጫዎቹን ሲጭኑ አንድ ሁለት ይበቃል፤ ሰው የሚሳሳተው በአንዴ አሥራ አምስት ሲደረድር ነው። ዴስክቶፑን ለማየት ዊንዶውስ+ዲ ስትጫኚ አብሮ ከጠፋ፣ ማስጌጫው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፖዚሽን» የሚለውን «ኦን ዴስክቶፕ» አድርጊው። ቦታው ከተመቸሽ «ድራገብል» የሚለውን አንሺ፤ አለበለዚያ ፋይል ልትጎትቺ ስትይ ሰዓቱ ይመጣል። ብዙዎቹ ራሳቸውን በየ1000 ሚሊሰከንዱ ያድሳሉ። ባትሪው ቶሎ ካለቀ «ኤዲት ስኪን» ብለሽ «አፕዴት» የሚለው መስመር ላይ ያለውን 1000 ወደ 5000 ቀይሪ፣ ሴቭ አድርጊና «ሪፍሬሽ» በይው። ሰከንድ ለሚቆጥር ሰዓት ግን ይህን አታድርጊ፤ እየዘለለ ይቆጥራል።

ሞኒተር ስትነቅዪ መስኮት ከስክሪኑ ውጭ ከቀረም አትጨነቂ። በአልት+ታብ ምረጪው፣ አልት+ስፔስ ከዚያ ኤም ተጫኚ፣ አንዴ ቀስት ንኪና ማውሱን ስታንቀሳቅሺ መስኮቱ ተለጥፎበት ይመጣል። ማክሲማይዝ ከሆነ «ሙቭ» አይሠራም፤ መጀመሪያ «ሪስቶር» አድርጊው። አልት+ስፔስ ስትጫኚ በምትኩ የፍለጋ ሣጥን ከመጣ ቁልፉን የያዘው የፓወርቶይስ «ራን» ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ ፓወርቶይስ ውስጥ ገብተሽ ወይ አጥፊው ወይ ሌላ ቁልፍ ስጪው።