የአዳማ ክፍሎች ሙቀት፦ ቁልፍ ለያዙ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ በትምህርት ቤት ጥገና ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ክፍል ሙቀት፣ ስለ አየርና ስለ መብራት ሒሳብ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ጠይቁኝ። በተለይ ጥበቃዎች፣ የጽዳትና የጥገና ሠራተኞች አትፈሩ። ርዕሰ መምህሩ የፈለገውን ማሽን ቢገዛ፣ መስኮቱን በሰዓቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው የእናንተ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የከሰዓት ፈረቃ ሲገባ ክፍሎቹ እሳት ናቸው። ልጆቹ ይደክማቸዋል፣ ይተኛሉ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ሙቀቱ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው። አንዱ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ተቀምጦ የሚማር አንድ ተማሪ ወደ 70 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ከ4 ኪሎ ዋት በላይ ይሆናል ማለት ነው። ክፍሉ መሀል የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥደህ እንደመተው ቁጠረው።

ስለዚህ የጠዋት ፈረቃ ሲወጣ ክፍሉን ዘግተህ አትሂድ። ብዙ ቦታ የማየው ይህንን ነው፤ ጽዳት ከተሠራ በኋላ በሩም መስኮቱም ይቆለፋል። የጠዋቶቹ ሙቀትና ትንፋሽ ውስጥ ይቀርና የከሰዓቶቹ ይገቡበታል። በዚያች የምሳ ሰዓት በሩን፣ የግራና የቀኝ መስኮቱን ሁሉ በርግደህ ክፈተው። ለሃያ ደቂቃ እንኳ ቢሆን ለውጡን ራስህ ታየዋለህ።

ዋናው ግን ጠዋት ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መተንፈስ አለበት። መስኮቱ ከተዘጋ ሙቀቱ የት ይሄዳል? ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ክፈት፣ ልጆቹ እስኪገቡ ንፋስ ይግባ። ፍርግርግ ያለበት የላይኛው መስኮት ደግሞ ሌሊቱንም ክፍት ቢያድር ሌባ አያስገባም። ለወባ ትንኝ ወንፊት ምቱበት፤ ወንፊቱን ግን እጠቡት። በአቧራ የተደፈነ ወንፊት አየር አያሳልፍም።

ሰው የሌለባቸው ክፍሎች፣ ማለትም መጻሕፍት ቤቱና ስብሰባ አዳራሹ፣ በተቃራኒው ናቸው። እነሱን ጠዋት አናፍሳችሁ ወደ 4 ሰዓት አካባቢ ዝጉ፣ መጋረጃ አውርዱ። የጠዋቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ስንከፍት ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል። መምህራኑ «ዝጉልን» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መምህራኑ ልክ ናቸው፣ አንተም ልክ ነህ። ነፋስ ለአዳማ ብርቅ አይደለም። ከከተማው ዳር የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት፣ የቆሙት ለዚሁ ነው። ያው ነፋስ ክፍላችሁን በነፃ ሊያበርድ ይችላል፤ አገባቡን ማወቅ ብቻ ነው።

ከፌስታል ቀጭን ቁራጭ ቁረጥና እንጨት ጫፍ ላይ እሰር። መስኮቱ ላይ ያዘው። ወደ ውስጥ ከተወዘወዘ አየር የሚገባው በዚያ ነው፤ ወደ ውጭ ከተሳበ የሚወጣው በዚያ ነው። ይህንን በየክፍሉ፣ ጠዋትና ከሰዓት ሞክረው። የነፋሱ አቅጣጫ ይቀያየራል፣ አጥሩና ሕንፃው ራሱ ይመልሰዋል፤ በግምት አትሂድ።

ከዚያ በኋላ አቧራ በሚበዛ ጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትንሽ፣ በጀርባው በኩል ሰፋ አድርገህ ክፈት። አየሩ ይዘዋወራል፣ አቧራው ግን እንደ በፊቱ አይገባም። አውሎ ነፋስ ከሆነ የነፋሱን በኩል እስኪያልፍ ዝጋ፤ የጀርባው ይቆይ።

መስኮቶቹ መንጠቆ ይኑራቸው። መንጠቆ የሌለው መስኮት በነፋስ ይማታል፣ መስታወቱ ይረግፋል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ይመታበታል። ይህ ቆርቆሮ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። በየዓመቱ አንድ አንድ መስኮት እየተደፈነ መጨረሻ ላይ ክፍሉ መጋዘን ይሆናል። ለመስታወት ገንዘብ እስኪገኝ ወንፊት ሽቦ ምቱበት እንጂ በቆርቆሮ አትድፈኑት።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መስኮት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

በሩን ክፈቱ። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ማስወጣት ከተቻለ ደግሞ አስወጡ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ትሠራለች።

ጥያቄ፦ የጣሪያ ፋን አለን። ግን ያንኑ ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው። ጥቅም አለው?

አለው፣ እህቴ። ፋን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ላቡን እያደረቀ። ለዚህ ነው ባዶ ክፍል ውስጥ የሚዞር ፋን ንጹሕ ብክነት የሚሆነው። ልጆቹ ሲወጡ አጥፊው። አንድ የጣሪያ ፋን ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 ዋት ነው የሚበላው። አነስተኛ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ግን 1,000 ዋት አካባቢና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ፋንና ክፍት መስኮት አንድ ላይ ሲሆኑ ለክፍል በቂ የሚሆኑበት ቀን ይበዛል።

ክንፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ ብሬከሩን አስጠፍተሽ ነው እሱን። ፋኑ በሙሉ ፍጥነት ላይ ተደርጎም እየተንቀራፈፈ ከዞረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩ እንዲዞር የሚያግዘው ትንሽ ዕቃ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን በአጭር ጊዜ ይቀይረዋል። «ፋኑ ሞቷል» ብለው አዲስ እንዳይገዙ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ክፍሉ ኤሲ ቀኑን ሙሉ በ18 ዲግሪ ይሠራል። አሁንም ይሞቃል ይላሉ።

18 ላይ ማድረግ ቶሎ አያበርድም፣ ረጅም ሰዓት ያሠራዋል እንጂ። 25 ላይ አድርገው። ከዚያ የውስጡን ማጣሪያ አውጥተህ እጠብ። በአዳማ አቧራ በወር አንዴ ያንሳል፣ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ እየው። ከቤት ውጭ የተሰቀለውንም የኤሲውን አካል ተመልከት፤ ከኋላው ካርቶን ወይም የተሰበረ ወንበር ተደርድሮበት ይሆናል። እሱ ሙቀቱን የሚተፋበት ቦታ ይፈልጋል።

ኤሲው ሲሠራ መስኮት ይዘጋ። ግን የተለመደው ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያመላልሰው፤ ንጹሕ አየር አያስገባም። ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መሀል አጥፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። ትምህርት የሌላቸው ኮምፒውተሮችም ይጥፉ፤ እነሱም ማሞቂያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮርኒስ የለንም፣ ቆርቆሮው ባዶውን ነው። በጀት ደግሞ ትንሽ ነው።

ትንሿ በጀት ለአንድ ነገር ከሆነች ለኮርኒስ ትሁን። ቺፑድም ቢሆን ይጠቅማል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ግን መውጫ ይፈልጋል። በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች ክፍተት ተዉለት፣ ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ኮርኒስ ካልተቻለ የዛገውን ቆርቆሮ አጽድቶ ነጭ የጣሪያ ቀለም መቀባት አለ። የዛገና ጠቆር ያለ ቆርቆሮ ፀሐይን ይጠጣል፣ ነጩ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ዛፍ ብንተክል በየት በኩል ይሁን?

በምሥራቅና በምዕራብ። ቀትር ላይ ፀሐይ እኛ ጋ ከአናት ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ ያለውን መስኮት የጣሪያው ክፈፍ ይከልለዋል። ጠዋትና ከሰዓት ግን ዝቅ ብላ በጎን ትገባለች፣ ክፈፍ አያቆማትም። በተለይ የምዕራቡ ይቅደም። ኒም አዳማን ይወዳል። እስኪያድግ ከመስኮቱ ውጭ ሰሌን ስቀሉ። ውስጥ ያለ መጋረጃ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው።

ጥያቄ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳል። ልጆቹ ሁሉንም ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ሳሉ አይጣል ነው።

የታችኛውን ዝጉላቸው፣ የላይኛው ግን ይከፈት። ጉንፋንም ሳንባ ነቀርሳም በታፈነ አየር ነው የሚዛመተው። ፀሐይ ሲሞቅ ሁሉንም ክፈቱ። ለዚያች አጭር ብርድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አትግዙ፤ ሹራብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ለብርዱ ከሰል አቀጣጥዬ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ አስገባለሁ። ሲፍም ጭስ የለውም፤ ችግር አለው?

ወንድሜ፣ እባክህ ዛሬ ማታ አታስገባው። ጭስ የለውም ማለት አይገድልም ማለት አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደምህ ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ብዙ ሰው እንቅልፉ የድካም ይመስለውና ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። «ከሰል አፈነው» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም።

ከሰሉን ውጭ ሙቀው፣ ስትገባ ውጭ ተወው። ለበር ሥር ክፍተት ጨርቅ፣ ለራስህ ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ይሁን። ካፖርቱን ትምህርት ቤቱ መግዛት አለበት፤ ጠይቅ፣ መብትህ ነው። ባልደረባህን እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ፈጥነህ ወደ ውጭ አውጣውና ሐኪም ቤት ውሰደው።

ጥያቄ፦ የመብራት ሒሳቡ ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ከቆጣሪው። ማታ ግቢው ሲዘጋ አንብበህ ጻፍ፣ ጠዋት ሳይከፈት እንደገና አንብብ። ልዩነቱ ማንም ሳይማር የተቃጠለ መብራት ነው። ብዙ ከሆነ በባትሪ እየዞርክ ፈልገው፦ ያልጠፋ ኤሲ፣ የመምህራን ክፍል የውኃ ማፍያ፣ ከግድግዳ ተለጥፎ የሚያጓራ የሻይ ቤቱ ፍሪጅ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጉት፣ የኋላውን አቧራ ጥረጉ። ያገኘኸውን በወረቀት ጽፈህ ለርዕሰ መምህሩ ስጥ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንብብ።